«ባትሪው ሙጥጥ ብሎ ሳያልቅ አይሞላም» የሚለው ምክር ከየት መጣ?

ዛሬ ስለ ዘርም ስለ ማዳበሪያም አይደለም የምናወጋው፤ ስለ ባትሪ ነው። «ባትሪና ግብርና ምን አገናኛቸው?» የሚል ካለ እስቲ ቤቱ ውስጥ ያለውን ይቁጠር። የጀርባ ኬሚካል መርጫው በእጅ ከሚገፋው ወደ ባትሪ እየተቀየረ ነው። ፍራፍሬ ያላቸው በባትሪ የሚቆርጥ የመግረዣ መቀስ መያዝ ጀምረዋል። የዶሮ ቤት ወይም የጎተራ በር የሚሠራላችሁ ባለሙያም ገመድ የሌለው ድሪል ይዞ ነው የሚመጣው፤ የራሱን የገዛ አርሶ አደርም አለ። መሣሪያዎቹስ ጥሩ ናቸው። ጭቅጭቁ ባትሪው ላይ ነው።

ምክሩ እኮ በዝቷል! አንዱ «ባትሪ ሙጥጥ ብሎ ሳያልቅ አይሞላም፣ ይለምዳል» ይላችኋል። ሌላው «ምንጊዜም ሙሉ መሆን አለበት» ይላል። ሦስተኛው «ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጣው፣ ይነሳል» ይላል። ከመሣሪያው ጋር የመጣውን ወረቀት ያነበበ ደግሞ «ሲቀመጥ ግማሽ ይሁን» ይላል። ማንን እንስማ? ነገሩን ለየት የሚያደርገው አራቱም ምክሮች እውነት መሆናቸው ነው። ግን የአራት የተለያዩ ባትሪዎች እውነት ናቸው፤ በተለያየ ዘመን የተወለዱ። የአንዱን ምክር ለሌላው የሰጠ ሰው ባትሪውን በራሱ እጅ ይገድላል፤ ሲከፋም ቤቱን ያቃጥላል። ስለዚህ ታሪኩን ከሥሩ እንየው። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከፀሐይዋ ምክር እንጀምር። በ1800 አሌሳንድሮ ቮልታ የተባለ ጣሊያናዊ የዚንክና የብር ዝርግ ቁራጮችን አንዱን በአንዱ ላይ ደረደረ፤ በመካከላቸው በጨው ውኃ የተነከረ ጨርቅ አደረገ። ከላይና ከታች ሽቦ ሲያገናኝ ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥ ፈሰሰ። ባትሪ የሚባለው ነገር ከዚህ ተነሣ። በ1866 ዦርዥ ሌክላንሼ የተባለ ፈረንሳዊ ዚንክ፣ ካርቦንና ማንጋኒዝ የያዘ ሌላ ባትሪ ሠራ፤ በ1880ዎቹ ደግሞ ካርል ጋስነር የተባለ ጀርመናዊ ፈሳሹን ወደ ሊጥነት ቀይሮ ደረቅ አደረገው። ይኼ እኛ «የባትሪ ድንጋይ» የምንለው ነው። በእጅ ባትሪና በሬዲዮ የስንቱን ቤት ሌሊት አሳልፏል።

ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ማስጣት የተለመደ ነው፤ ትንሽም ይሠራል። ሙቀት ሲያገኝ በውስጡ የቀረው ንጥረ ነገር ፈጠን ብሎ ይዋሃዳል፤ ሬዲዮው ለአንድ ዜና ያህል ይናገራል። ግን አልተሞላም፤ የተረፈችውን አሟጠጣት እንጂ። ይኼ ልማድ ወደ ድሪሉና ወደ መርጫው ባትሪ ሲሻገር ግን ጉዳት ብቻ ነው የሚሆነው። የሚሞላ ባትሪ በፀሐይ የሚያገኘው አንዳች ነገር የለም፤ ዕድሜው ያጥራል።

የሚሞላው ባትሪ የተገኘው በ1859 ነው። ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ሁለት የእርሳስ ቅጠሎችን እንዳይነካኩ አድርጎ ጠቀለላቸውና ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነከራቸው። ኃይሉን ከሰጠ በኋላ በተቃራኒው ኤሌክትሪክ ሲላክበት ወደ ነበረበት ተመለሰ። ከዚያ በፊት የነበሩት ካለቁ አለቁ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ካሚል ፎር የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ቅጠሉን የእርሳስ ሊጥ በመቀባት አሻሻለው፤ የመኪና ባትሪ ዛሬም በመሠረቱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ብዙው የጀርባ መርጫ ሆዱ ውስጥ ያለው የዚሁ የፕላንቴ ዘር ነው። የመርጫውን ታች ስትከፍቱ ጥቁር፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ ለመጠኑ ከባድ የሆነ ባለ 12 ቮልት ሳጥን ካገኛችሁ እሱ ነው። የታሸገ ስለሆነ ውኃ አይጨመርበትም፤ ጠባዩ ግን ከመኪናው ወንድሙ አይለይም።

ጠባዩ ምንድነው? እርሳስ ኃይል ሲሰጥ ቅጠሎቹ ላይ እርሳስ ሰልፌት የሚባል ነጭ ነገር ይለብሳል። ትኩሱን ከሆነ ቻርጅ ሲደረግ ወዲያው ይለቃል። ሳይሞላ ለሳምንታትና ለወራት ከቆየ ግን እንደ አሞሌ ጨው ይጠጥራል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጀሩ አያነቃንቀውም። የተሸፈነው የቅጠሉ ክፍል ሥራ አቆመ ማለት ነው። «ምንጊዜም ሙሉ ይሁን» የሚለው ምክር የመጣው ከዚህ ነው፤ ለእርሳስ ባትሪ ፍጹም ትክክል ነው።

አሁን የእኛን የሥራ ዘመን አስቡት። መርጫው ሥራ የሚበዛበት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የመጨረሻው ርጭት ያለቀ ቀን ባትሪው ግማሽ ወይም ሩብ ላይ ነው። መርጫው ይታጠባል (ቢታጠብ!)፣ ጓዳ ይገባል፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ዞር ብሎ የሚያየው የለም። በዚያ ላይ ባትሪ ተቀምጦም ከራሱ በትንሽ በትንሹ ይፈስሳል። በሰኔ ስትከፍቱት ቻርጀሩ ቶሎ «ሞልቷል» የሚል መብራት ያበራል፣ ማሳው ላይ ግን አንድ ጄሪካን ሳይረጭ ይቆማል። «የዘንድሮ ዕቃ እንዲህ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ባትሪው የሞተው በሥራ አይደለም፤ በበጋ እረፍቱ ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ በረጫችሁበት ቀን ማታ ሙሉት፣ ሲቀመጥ ሞልቶ ይቀመጥ፣ በበጋ በየወሩ፣ ቢበዛ በየሁለት ወሩ እየወጣ ይሞላ። ኤሌክትሪክ የሌለበት ቀበሌ ያላችሁ ከተማ ለገበያ ስትወርዱ ይዛችሁት ውረዱ። በመኪና ባትሪ ቻርጀር ግን አትሙሉት፤ ለትልቅ ሆድ የተሠራ ኃይል ለትንሿ ሳጥን ይበዛባታል፣ ትሞቃለች፣ ታብጣለች።

ወደ ድሪሉ እንመለስ። እርሳስ ከባድ ነው፤ አሲዱም ያኔ ይፈስስ ነበር፤ ለእጅ መሣሪያ አይመችም። ሌላ ባትሪ አስፈለገ፤ ዋልደማር ዩንግነር የተባለ ስዊድናዊ በ1899 ከኒኬልና ከካድሚየም ሠራው። በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ ኤዲሰን በኒኬልና በብረት ይደክም ነበር። የዩንግነር ባትሪ ጥብቅ ተደርጎ የታሸገው ግን በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ያ ሲሆን ተገልብጦም ተዘቅዝቆም የሚሠራ፣ ብዙ ኃይል በአንዴ የሚሰጥ፣ ቢወድቅ የማይከፋው ባትሪ ተገኘ።

ብላክ ኤንድ ዴከር በ1910 በባልቲሞር ከተማ የተመሠረተ የአሜሪካ ድርጅት ነው። እንደ ሽጉጥ የሚያዝና በጣት የሚሳብ ምላጭ ያለውን የኤሌክትሪክ ድሪል የፈጠራ መብት በ1917 ያገኘው እሱ ነው፤ ዛሬ የምትይዙት ድሪል ቅርጽ ከዚያ መጣ። በ1961 ደግሞ በኒኬል ካድሚየም ባትሪ የሚሠራውን ገመድ አልባ ድሪል አወጣ። ብዙ ሰው ይኼን የፈጠረው የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ነው ይላል። ናሳ ራሱ «እኔ አይደለሁም» ብሏል። ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው፦ መሣሪያው በምድር ላይ ተሠርቶ ነበር፤ በኋላ ድርጅቱ ለጄሚናይ የጠፈር ጉዞ ብሎን መፍቻ፣ ለአፖሎ ጉዞ ደግሞ የጨረቃን አፈር የሚሰረስር ድሪል በመሥራት ተሳተፈ። በ1971 የአፖሎ 15 ሰዎች ጨረቃ ላይ ሰርስረዋል፤ አፈሩ ጠንክሮባቸው ብዙ ደክመዋል። ጃፓን ውስጥ ማኪታ በ1969 የመጀመሪያውን በባትሪ የሚሠራ ድሪሉን፣ በ1978 ደግሞ የኒኬል ካድሚየሙን አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም አናጺ እጅ ገባ።

«ሙጥጥ ብሎ ይለቅ» የሚለው ምክር የዚህ ዘመን ልጅ ነው። ምን ሆነ መሰላችሁ፤ ሳተላይቶች ላይ የነበሩ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች በእያንዳንዱ ዙር ከምድር ጥላ ውስጥ ሲገቡ እኩል መጠን ያለው ኃይል ይሰጡ ነበር፤ ፀሐይ ሲያገኙ ይሞሉ ነበር። ይኼ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ባትሪው ከዚያች ከለመዳት መጠን አልፎ ሲጠየቅ ደከመ። «ትዝታ አለው» ተባለ። መፍትሔውም አንዳንዴ ወደ ታች አውርዶ እንደገና መሙላት ሆነ። ወሬው ከጠፈር ወርዶ አናጺው ዘንድ ሲደርስ ሕግ ሆነ። እውነቱን ለመናገር አናጺ በየቀኑ እኩል አይሰረስርም፤ የእሱን ባትሪ በብዛት ያደከመው ትዝታ ሳይሆን ያለ ልክ መሞላት ነበር። የዚያ ዘመን ቻርጀር አእምሮ አልነበረውም፤ ባትሪው ይሙላ አይሙላ ሳያውቅ ሌሊቱን ሙሉ ይልክ ነበር። «አዲስ ስልክ ስትገዛ መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ሙላው» የሚሉ ሻጮች አሁንም አሉ አይደል? የዚያ ቻርጀር ትዝታ ነው፤ ትዝታ ያለው ባትሪው ሳይሆን ሰው ነው።

«ጨርሱት» ሲባልም መሣሪያው ዝግ ማለት ሲጀምር አቁሙ ማለት ነበር። ምላጩን በላስቲክ አስረው ፀጥ እስኪል የሚተዉ ነበሩ። አንድ ባትሪ ውስጥ ብዙ ሴሎች በተርታ ተያይዘዋል፤ ደካማው ቀድሞ ያልቃል፣ ብርቱዎቹ በእሱ ላይ በግልብጥ ይነዱበታል፣ ይሞታል። አንድ ሴል ሲሞት ደግሞ ድሪሉ ጉልበት ያጣል።

ካድሚየም ሌላ ጣጣም ነበረበት፤ ይኼኛው በቀጥታ ገበሬን ይመለከታል። ጃፓን ውስጥ ካሚዮካ ከተባለ የማዕድን ማውጫ የወጣ ካድሚየም ቶያማ በሚባል ክፍለ ግዛት የሚያልፈው ጂንዙ ወንዝ ውስጥ ይገባ ነበር። ገበሬዎቹ በወንዙ ሩዝ ያጠጣሉ፣ ከወንዙ ይጠጣሉ። ካድሚየሙ በሩዙ አልፎ ኩላሊት ውስጥ ገባ፣ አጥንት አሳሳ። ይበልጥ የተጎዱት በዕድሜ የገፉ እናቶች ነበሩ፤ በትንሽ ነገር አጥንታቸው ይሰበር ነበር። የበሽታው ስም «ኢታይ ኢታይ» ነው፤ «አመመኝ አመመኝ» ማለት ነው። መንግሥት ከብክለት የመጣ በሽታ መሆኑን የተቀበለው በ1968 ነው። ያ ካድሚየም ከባትሪ የመጣ አልነበረም፤ ግን ማሳ ውስጥ የገባ ካድሚየም ምን እንደሚያደርግ ዓለም ያየው እዚያ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 የካድሚየም ባትሪን በሕግ ሲያግድ ገመድ አልባ መሣሪያዎችን ለጊዜው ማረላቸው፤ ምሕረቱ በ2016 መጨረሻ አበቃ። አሮጌዎቹ ዛሬም በየሱቁና በየቤቱ አሉ። ሲሞቱ ሰብራችሁ አትክፈቷቸው፣ የመስኖ ቦይ አጠገብ አትጣሏቸው፣ ከቆሻሻ ጋር አታቃጥሏቸው።

አሁን ወደ ሊቲየም ደረስን። ዛሬ የሚሸጠው ድሪል፣ ግራይንደርና የመግረዣ መቀስ ባትሪ በአብዛኛው ይኼ ነው። በ1970ዎቹ ኤክሰን በተባለው የነዳጅ ኩባንያ ስታንሊ ዊቲንግሃም ንጹሕ ሊቲየም ብረት ያለበት የሚሞላ ባትሪ ሠራ። ጉልበቱ የሚገርም ነበር፤ ግን ይቃጠል ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከመመላለስ ብዛት የማጥፊያውን ኬሚካል ዋጋ እናስከፍላችኋለን እስከማለት ደርሰዋል። በ1980 ጆን ጉዲናፍ ኦክስፎርድ ውስጥ በኮባልት ኦክሳይድ ኃይሉን ወደ 4 ቮልት አሳደገው። በ1985 ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ ንጹሑን የሊቲየም ብረት አውጥቶ በካርቦን ተካው፤ ሊቲየሙ በካርቦኑ ንብርብር ውስጥ እንደ እንግዳ እየገባ እየወጣ ይኖራል። ዮሺኖ ፈንጂ በሚፈተንበት ቦታ ባትሪውን አስቀምጦ ከባድ ብረት ጣለበት፤ ምንም አልሆነም። ንጹሕ ሊቲየም ባለው ባትሪ ላይ ሲጥለው ግን በኃይል ፈነዳ። ሶኒ በ1991 ለገበያ አቀረበው፤ በ2005 ሚልዋኪና ማኪታ ለእጅ መሣሪያ አዋሉት። ሦስቱ ሰዎች በ2019 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ጉዲናፍ ያኔ 97 ዓመቱ ነበር፤ በዕድሜ ከተሸላሚዎች ሁሉ ይበልጣል።

ይኼ ባትሪ ትዝታ የሚባል ጣጣ የለበትም። ጠላቶቹ ሌሎች ናቸው። ሙጥጥ ብሎ ማለቅ ይጎዳዋል፦ አንድ ሴል ከልክ በታች ወርዶ ሲቆይ ውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟል፤ እንደገና ሲሞላ የተሟሟው መዳብ በውስጡ ድልድይ ሊሠራና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ቻርጀሩ «አልሞላም» ብሎ እምቢ የሚላችሁ ለዚህ ነው። በሽቦ ከመኪና ባትሪ ወይም በቀጥታ ከሶላር ፓነል «ላስነሳው» የሚል ሰው ሲመጣ አመስግናችሁ ሸኙት። ሞልቶ ሙቀት ላይ መቀመጥም ያስረጀዋል። ስለዚህ ለአንድ ወርና ከዚያ በላይ የማትሠሩበት ከሆነ ግማሽ አካባቢ አድርጋችሁ፣ ከመሣሪያውም ከቻርጀሩም ነቅላችሁ አስቀምጡት። ባትሪው ላይ አራት መብራት ካለው ሁለቱ ሲበሩ ማለት ነው። በየሦስት ወሩ አየት አድርጉት። ነገ የምትሠሩበት ከሆነ ደግሞ ሙሉት፤ ማንም አይከለክላችሁም።

ቦታው የት ይሁን? የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆጥ ላይ አይሁን፤ ቀትር ላይ እንደ ምጣድ ነው። ጭቃ ግድግዳ ያለው ቀዝቃዛ ጓዳ በጣም ጥሩ ነው። ከምስማርና ከሽቦ ጋር በአንድ ሳጥን አይሁን፤ ሁለቱን ጫፎች ምስማር ካገናኛቸው በደቂቃ ይግላል። ማዳበሪያ ከረጢት አጠገብም አይሁን፤ እርጥበቱና ጨውነቱ የመዳቡን ጫፍ ይበላዋል። ስትሞሉ ሲሚንቶ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ከጭድና ከፍራሽ የራቀ፣ እናንተም ሳትተኙ። መውጫ በር አጠገብ አይሁን፤ እሳት ቢነሳ መንገዱ ይዘጋል። ከሥራ ሲመለስ ትኩስ ከሆነ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይሞላ።

ብርድም አለ። ይኼን ለደብረ ብርሃንና ለመሰል ደጋ ሰዎች ነው የምናገረው፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት ውጭ ያደረ ባትሪ ጠዋት ወዲያው አይሞላም። ከ0 ዲግሪ በታች ሲሞላ ሊቲየሙ ካርቦኑ ውስጥ መግባት ያቅተውና ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል። ዮሺኖ ያወጣውን የዊቲንግሃምን ብረት መልሳችሁ አስገባችሁ ማለት ነው። ቤት ገብቶ ሁለት ሦስት ሰዓት ይለብ።

ያበጠ፣ ውኃ ውስጥ የወደቀ፣ እንደ ቀለም ማቅጠኛ የሚሸት ባትሪ ከቤት ይውጣ፤ አይሞላም። መቃጠል ከጀመረ ሰውና ከብት አርቁ፣ ጭሱን አትማጉት፣ ማብሪያውን መዝጋት ከቻላችሁ ዝጉ፣ ከርቀት ብዙ ውኃ አፍስሱበት፤ ቶሎ ካልቀዘቀዘ ጠፋ ሲባል እንደገና ይነሳል።

ገበያ ላይ ስለሚያጨቃጭቀው ነገርም አንድ ቃል፦ «ባለ 20 ቮልት ከባለ 18 ይበልጣል» ይሏችኋል። አምስት ሴሎች ናቸው፤ እያንዳንዱ በአማካይ 3.6 ቮልት ሲሆን 18 ይሆናል፣ ጢም ብሎ እንደሞላ ሲለካ ደግሞ 20 ያልፋል። ያው ባትሪ በሁለት ስም ነው። ለቁጥሩ ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

አንድ የመጨረሻ ጉዳይ አለ። የመርጫው የእርሳስ ባትሪ ሲሞት በልኩ የተሠራ የሊቲየም ባትሪ ይሸጥላችኋል፤ ቀላል ነው፣ «12 ቮልት» ይላል፣ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። አሮጌው ቻርጀር ግን የእርሳስ ነው፤ እስከ 14 ቮልትና ከዚያ በላይ ይልካል። ሦስት ሴል ያለው የሊቲየም ባትሪ የሚሞላው 12.6 ላይ ነው። ውስጡ መቆጣጠሪያ ካለው ያቋርጣል፤ ርካሹ ላይ ግን መኖሩን ማን አየ? ስትገዙ ቻርጀሩንም አብራችሁ ግዙ፤ አሮጌውን ደግሞ ልጆች ተሳስተው እንዳይሰኩት ሶኬቱን ቁረጡት ወይም ባትሪውን ለቀየረላችሁ ሰው መልሱለት።